ሦስት ፊደል የሚያነቡ ልጆችና እኛ እንግዶቹ መምህራን



ባዕድ አገር ሄዶ ማስተማር ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ፓስፖርትና አውሮፕላን ነው። እኛ ከደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፍረን፣ ኮምቦልቻንና ሐርቡን አልፈን፣ ከሚሴ ወርደን፣ የቀረውን መንገድ በባጃጅና በእግር ጨርሰን ነው ባዕድ ትምህርት ቤት የገባነው። አዛኑ የምናውቀው አዛን ነው። የማሽላው እንጀራም አዲስ አልሆነብንም። ክፍል ገብተን አፋችንን ስንከፍት ግን አማርኛችንን የሚሰማ ልጅ ጥቂት ሆነ። በዚያ የቆየንባቸው ሳምንታት ያሳዩንን ነገር ለእናንተ ልናካፍል ወደድን፤ በተለይ መምህርነት እየተማራችሁ ላላችሁና ነገ ለተግባር ልምምድ ለምትወጡ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱን።

እኛ አራት የመምህራን ኮሌጅ ሰልጣኞች ነን። ሁለታችን ደሴ፣ አንዷ ኮምቦልቻ፣ አንዱ ከሚሴ ከተማ ነው ያደግነው። ሁለታችን እንግሊዝኛ፣ ሁለታችን ሒሳብ ለማስተማር እንሰለጥናለን። በኦሮምኛ አፉን የፈታው የከሚሴው ጓደኛችን ብቻ ነው። የቀረነው የገበያ ኦሮምኛ እናውቃለን፤ ዋጋ እንጠይቅበታለን፣ እንከራከርበታለን፣ ተሰናብተንበት እንሄዳለን። በገበያ ኦሮምኛ ደግሞ ክፍልፋይ ማስተማር አይቻልም።

ለማታውቁት፦ በአገራችን የመምህራን ስልጠና እ.ኤ.አ. በ2003 እንደ አዲስ ሲደራጅ፣ ሰልጣኙ ገና ተማሪ ሳለ ደጋግሞ ወደ ትምህርት ቤት እንዲወጣ ተደረገ። ፕራክቲከም የምንለው ይህ ነው። መጀመሪያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ታያላችሁ። ቀጥሎ የክፍሉን መምህር ታግዛላችሁ። በመጨረሻ ጠመኔው እጃችሁ ይገባል፤ ያኔ መምህሩ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው እናንተን ያያሉ። የመጨረሻው ሲደርስ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። በማታውቁት ቋንቋ መካከል ሲሆን ደግሞ እጥፍ ነው።

አካባቢውን ለማታውቁም ትንሽ እንበል። በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ማእከሉ ከሚሴ ነው። ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጂሌ ጥሙጋ፣ ባቲና ደዌ ሐረዋ የሚባሉት ወረዳዎች በዚህ ዞን ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በብሔረሰባቸው ቋንቋ እንዲማሩ መንገድ ከፈተ። ስለዚህ እኛ በሄድንበት ትምህርት ቤት ሒሳቡም ሳይንሱም በኦሮምኛ ነው። የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በ1984 ዓ.ም. ለኦሮምኛ በተመረጠው የላቲን ፊደል ነው። አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። እንግሊዝኛም ራሱን ችሎ አለ።

ልጁ ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት አለው። ብዙዎቹ ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ወይም ከእኛ ከተለቀቁ በኋላ ቁርአን ይቀራሉ። እስቲ ቁጠሩት። የ10 ዓመት ልጅ ጠዋት በዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል። ትምህርት ቤት ሲገባ በቁቤ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሀ ሁ ሂ ይላል። እንግሊዝኛ ሲመጣ ያንኑ የቁቤ ፊደል ያያል፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው። ከከተማ የመጣነው እኛ በእሱ ዕድሜ ይህን ሁሉ ተሸክመን አናውቅም።

ይህ ነገር በዓይናችን የታየን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው። የኮምቦልቻዋ ጓደኛችን ሰሌዳ ላይ ድመት ሣለችና ከሥሩ በእንግሊዝኛ ስሟን ጻፈች። ሦስት ፊደል ናት። ከፊት የተቀመጠ ልጅ ተነሳና በሙሉ ልቡ አነበበ፦ «ጨት!» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጫት በሞላበት አገር ድመቷ ጫት ስትሆን ማን ዝም ይላል? ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ከክፍል ስንወጣ ከ20 ዓመት በላይ ያስተማሩት የክፍሉ መምህር ጠሩን። «ልጆቼ፣ ልጁ እኮ በትክክል ነው ያነበበው» አሉን። አስረዱን። እንግሊዝኛው «ሲ» የሚለውን ፊደል ቁቤ «ጫ» ይለዋል፤ ድምፁም የአማርኛው «ጭ» ነው። እንግሊዝኛው «ኤክስ» የሚለውን ደግሞ ቁቤ «ጣ» ይለዋል፤ ድምፁ «ጥ» ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ስድስትን ያነበበ ልጅ «ሲጥ» ቢል፣ ሣጥንን ያነበበ ልጅ «ቦጥ» ቢል አይግረማችሁ። የተማረውን ሕግ አንድም ሳያጎድል ሠርቶበታል ማለት ነው። ሕጉ የሚሠራበትን ድንበር ገና ያሳየው ሰው የለም፣ የጎደለው ይህ ብቻ ነው።

በነጋታው ጓደኛችን ያንኑ ልጅ ወደ ሰሌዳ ጠራችው። ጠመኔውን ሰጠችውና «የቁቤውን ድምፅ አንተ አስተምረኝ፣ የእንግሊዝኛውን እኔ አስተምርሃለሁ» አለችው፤ የከሚሴው ጓደኛችን ተረጎመላት። ሰሌዳው ለሁለት ተከፈለ። በግራ የቁቤው ድምፅ፣ በቀኝ የእንግሊዝኛው። ልጁ «ጫ» እያለ ሲጽፍ እሷ ከልጆቹ ጋር አብራ ትደግማለች። ያን ቀን የሳቀበት ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት «ድመቷ ልጅ» እያሉ በፍቅር ይጠሩት ነበር፣ እሱም ይስቃል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይጠልቃል። ኦሮምኛ ውስጥ ድምፅ መሳብና ማጥበቅ ትርጉም ይለውጣል። «ቦና» ስትሉ «ቦ»ን ካሳጠራችሁት በጋ ነው፣ ከሳባችሁት ኩራት ይሆናል። «በዳ» ላልቶ ሲነገር መጥፎ ማለት ነው፣ «ዳ» ሲጠብቅ ደጋ ነው። በአማርኛም ማጥበቅና ማላላት አለ፤ «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ኖረ ወይም ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን ፊደላችን ይህን አያሳይም፣ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል። ቁቤ ግን ያሳያል። ሲስብ አናባቢው ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ሲጠብቅ ተነባቢው ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በአማርኛ ላደገ ጆሮ የማጥበቁ ነገር ብዙም አይከብድም፤ የመሳቡ ግን ወዲያው አይያዝም።

ይህን ሕግ መምህሩ ለ3ኛ ክፍል ሲያስረዱ እኛ ከኋላ ተቀምጠን ነበር። ብዙ ልጆች ሲጽፉ ሁለቱን ፊደል አንድ ያደርጉታል። አንዲት ልጅ ግን ሁሌም አትስትም። ድምጿ የማይሰማ፣ በሻሿ ፊቷን ጋረድ የምታደርግ ልጅ ናት። መምህሩ «እንዴት ለየሽው?» ሲሏት ቀስ ብላ «ሸዳ ነው» አለች። የሚጠብቀው ሸዳ ነው፣ የሚሳበው መድ ነው። ቁርአን ቤት ኡስታዟ ሲያቀሩ ሸዳውን ካላጠበቀች፣ መዱን ካልሳበች ያስደግሟታል። ጁዝ ዐመን ጨርሳለች። እና ቁቤው ሲመጣ የምታውቀውን ነገር በሌላ ልብስ አየችው፣ በቃ።

እኛ ከኋላ ወንበር ተያየን። ከኮሌጅ ይዘነው የመጣነው ማስታወሻ ስለ ቀድሞ እውቀት ብዙ ይላል። የተማሪውን ቀድሞ እውቀት ፈልጉ፣ ከዚያ ተነሱ ይላል። የዚህች ልጅ ቀድሞ እውቀት ግን በክፍል መዝገብ ላይ የለም። የሚገኘው ሱብሒ ላይ፣ ከኡስታዟ ፊት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ልጅ ስንተዋወቅ ከስሙ ቀጥሎ የምንጠይቀው «ቁርአን የት ደርሰሃል?» የሚለውን ሆነ። ደብተሩን ከኋላ በኩል የሚጀምር ልጅ ስናይም ከየት እንደመጣ ገባን፤ እጁ ከቀኝ መጀመር ለምዷል።

በነገራችን ላይ ይህ አገር አንድን ቋንቋ በተለያየ ፊደል መጻፍን ከቁቤ በፊትም ያውቀዋል። የወሎ ሊቃውንት በዐረብኛ ፊደል አማርኛና ኦሮምኛ ሲጽፉ ኖረዋል። ዐጀሚ የምንለው እሱ ነው። ሼኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር የአማርኛ መንዙማቸውን ያኖሩልን በዚሁ መንገድ ነው። ከከሚሴ ብዙም የማትርቀው የሾንኬ መንደርም ሼኽ ጀውሀር ኢብን ሐይደር ያስተማሩባት፣ ደረሳ ከየአቅጣጫው ይሰበሰብባት የነበረች ቦታ ናት። ደረሳው ማን ነበር? ከቤቱ ወጥቶ፣ ቋንቋውን በደንብ በማያውቀው መንደር አድሮ፣ የመንደሩ ሰው የሰጠውን በልቶ፣ ኪታብ የሚቀራ ወጣት ነበር። ከዓመታት በኋላ እሱም ሸኽ ሆኖ እንግዳ በሆነበት አገር ይቀመጥና ያስተምራል። ባዕድ አገር ማስተማር ለአያቶቻችን አዲስ ነገር አልነበረም።

በመንግሥት ትምህርት ቤት በኩልም ብዙዎች ቀድመውናል። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ወደ 280 ገደማ ሆነው መጥተው በየክፍለ ሀገሩ አስተምረዋል፤ አንዱ ፖል ሶንጋስ ወሊሶ ላይ አስተምሮ ኋላ በአገሩ ሴናተር ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይመረቁ አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹ የተመደቡት ማስተማር ላይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቱ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው መጣ፤ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ያኔ ኦሮምኛውም የሚጻፈው በሀ ሁ ነበር። የዘመቻዎቹን ፖለቲካ ለታሪክ ሰዎች እንተወው። እኛን የገረመን በየዘመኑ አንድ ወጣት ሻንጣውን ይዞ በማያውቀው ቋንቋ ልጆች ፊት መቆሙ ነው። ዛሬም ተራው የእኛ ነው።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ።

በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው፣ በከሚሴም ዙሪያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ሰው ተፈናቀለ። ቋንቋ የጥርጣሬ ምልክት ሆነ። የደሴዎቹ እናቶቻችን ምደባችንን ሲሰሙ «ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?» አሉን። እኛም ሚኒባሱ ውስጥ ሆነን አማርኛችንን ዝቅ አድርገን ነው ያወራነው። በመንደሩም በኩል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላምታው ትክክለኛ ሰላምታ ነው፣ ዓይኑ ግን ይጠይቃል። ማን ናችሁ? ማን ላካችሁ? ልጆቻችንን ምን ልታደርጉ መጣችሁ?

ይህን የፈታው ስብሰባ ወይም ንግግር አልነበረም። ልጆቹ ቤት ሄደው «ዛሬ ባርሲስቷ ቁቤ አስተምረኝ አለችኝ» ብለው ተናገሩ። በሳምንቱ የድመቷ ልጅ አያት በልጁ እጅ በጠርሙስ ወተት ላኩልን። ጁምዓ ከሰላት በኋላ ቤታቸው ጠርተው ቡና አፈሉልን። እኛ ኦሮምኛችን ተቆራረጠ፣ የእሳቸውም አማርኛ እንደዚያው። ሦስተኛው ስኒ ላይ ዱዓ ሲያደርጉ «አሚን» ማለት ላይ ተገናኘን። ሲሸኙን ለኮምቦልቻዋ ጓደኛችን የተናገሩትን የከሚሴው ተረጎመልን፦ «የኔን ልጅ ቋንቋ የጠየቀ ሰው ልጄን አይጠላም።»

ሌላው ጉዳይ ስደት ነው። ይህን ለከሚሴ፣ ለባቲ፣ ለሐርቡ ልጆች መንገር ውኃን ለዓሣ መንገር ነው። በአፋር በረሃ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ከየቤቱ ሰው ሄዷል። አንዳንዱ ብር ይልካል፣ አንዳንዱ ድምፁ ጠፍቷል። እኛ በነበርንባቸው ሳምንታት ከአንድ 6ኛ ክፍል ሁለት ወንበር ባዶ ሆነ።

ከሁለቱ አንደኛው ከመጥፋቱ በፊት ከሒሳቡ ጓደኛችን ጋር አውርቶ ነበር። ዕድሜው ከክፍሉ ከፍ ያለ ነው፤ በበጋ ከብት ይዞ ጨፋ ሲወርድ ትምህርቱ ይቋረጥበታል። «እንግሊዝኛው አይገባኝም፣ አማርኛው አይገባኝም፣ ሒሳቡም ካለፈኝ ቆየ። ሳዑዲም ቢሆን ቋንቋው አይገባኝም። እዚያ ግን ገንዘብ አለ» አለው። ይህን ንግግር እስካሁን አልረሳነውም። ልጁ ስሌቱን ሠርቶ ጨርሷል። ሁለቱም ቦታ ባዕድ ከሆነበት፣ የሚከፍለውን ባዕድ ይመርጣል።

መምህር ስደትን ብቻውን አያቆምም። ድህነቱ አለ፣ ደላላው አለ፣ የጎረቤት አዲስ ቆርቆሮ ቤት አለ። ነገር ግን ከልጁ ስሌት ውስጥ አንዷን ቁጥር መለወጥ ይችላል። ክፍሉ ባዕድ እንዳይሆንበት ማድረግ ይችላል። የክፍሉ መምህር ወደ ልጁ ቤት ሁለት ጊዜ ሄዱ፣ አንዱን ጊዜ እኛም ተከተልናቸው። አባቱን አነጋገሩ፤ ያለፈውን የሒሳብ ትምህርት ከሰዓት በኋላ በኦሮምኛ እንደገና እንዲያየው ተስማሙ፣ የከሚሴው ጓደኛችን አስጀመረው። ልጁ ተመለሰ። ሁለተኛው አልተመለሰም። ኮሌጅ ከገባን በኋላ ደውለን ስንጠይቅ የመጀመሪያው አሁንም እየመጣ ነው አሉን፤ አልሐምዱሊላህ። የሁለተኛውን ቤተሰቦቹም የት እንደደረሰ አላወቁም። አላህ ይጠብቀው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙዓዝ ኢብን ጀበልንና አቡ ሙሳ አል አሽዐሪይን ወደ የመን ሲልኳቸው የሰጧቸውን ምክር ሁላችሁም ሰምታችሁታል። አግሩ፣ አታክብዱ፤ አብስሩ፣ ሰውን አታሽሹ የሚል ይዘት ያለው ነው። ይህን ሐዲስ በኹጥባ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ወደ ሌላ ሕዝብ ለሚሄዱ ሁለት ሰዎች የተሰጠ ምክር መሆኑን አጥብቀን ያሰብነው ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ልጅን ከትምህርት የሚያሸሸው ሁልጊዜ አለንጋ አይደለም። በማይሰማው ቋንቋ ተጠይቆ ዝም ሲል «ሰነፍ» መባሉም ያሸሸዋል።

ስለዚህ በቅርቡ ለፕራክቲከም የምትወጡ ወንድምና እህቶች፣ እኛን የጠቀመንን በአጭሩ እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የክፍል ቃላት ያዙ። ብዙ አይደለም፣ 40 ያህል ይበቃል። «ዱቢሳ» አንብቡ ነው። «ኢሲኒፍ ገሌ?» ገባችሁ ወይ ነው። «ናፍ ገሌ» ገባኝ ነው። ልጆቹ ቋንቋቸውን ስትሞክሩ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ ሳቁ በር ይከፍታል።

ሁለተኛ፣ ልጁ ከክፍሉ ውጭ የሚያውቀውን ጠይቁ። ቁርአን የት ደረሰ? ስንት ከብት ይጠብቃል? ገበያ ላይ ሒሳብ ማን ያስላል? ሰንበቴ ገበያ ላይ የዶሮ ዋጋ በቃሉ የሚቀንስ ልጅ መቀነስ አይችልም አትበሉ። የመቀነስ ምልክቷን ገና አላወቃት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ጓደኛ ካላችሁ አታድክሙት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለከሚሴው ጓደኛችን ከእያንዳንዱ ክፍል ጥሪ ይመጣለት ነበር። ኋላ ላይ በየክፍሉ አማርኛም ኦሮምኛም ከሚችሉ ልጆች ሁለት ሁለት መረጥን። ተርጓሚ የሆነ ልጅ ራሱ ሁለት ጊዜ ይማራል።

አራተኛ፣ የክፍሉን መምህር አክብሩ። እናንተ ሳምንታት ትቆያላችሁ፣ እሳቸው ዕድሜ ልክ። አዲስ ዘዴ ይዛችሁ ብትሄዱም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጨጫውንና ጣጣውን ፈትተው ያሳዩን እሳቸው ናቸው።

አምስተኛ፣ ቤት ሂዱ። ቡናው ላይ ተቀመጡ። ወላጅ መምህሩን በዓይኑ ካየው ልጁን አያስቀርም ማለት አንችልም፤ ሳያማክር ግን አያስቀርም።

ለከሚሴና ለአካባቢዋ ልጆችም አንድ ቃል አለን። አንዳንዶቻችሁ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ስትሄዱ አማርኛችሁ ስለሚሰበር አንገታችሁን ትደፋላችሁ። እኛ በዓይናችን አይተናል። በ10 ዓመታችሁ አሊፍን፣ ቁቤንና ሀ ሁን ይዛችሁ አራተኛውን የምትጀምሩ ናችሁ። ይህን የቻለ ጭንቅላት የሚያፍርበት ነገር የለውም። ከእናንተ መካከል መምህር የሚሆነው ደግሞ እኛ ሳምንታት የፈጀብንን ነገር ከመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች እየጠበቁት ነው።